ማሳው የት ነው?

ሐረጎ ወገብ ላይ፣ ጉም በተጋደመበት፣
የአባቴ ኤንትሬ ድንገት ዓይኑ ጠፋበት።
ብልጭ ሳይሉ አንዴ፣ ደከመን ሳይሉ፣
እንደተማከረ ሰው አንድ ላይ ከሰሉ።
ክላክሱ ግን ይጮኻል፤ ስቶፑም ይቀላል፤
ረጅሙን ስነካ፣ ፍሬቻው ደንግጦ ጭል ጭል ይላል።
ከኋላዬ ሰባ ኩንታል ድንች አለ፤
ከፊቴ ያለውን፣ ጉሙ አልነግርም አለ።

ፊውዙን አየሁት፤
አባቴ ድሮ በሲጋራ ወረቀት የጠቀለለው፤
መኪናው ይነዳል እንጂ፣ እሱን ማን አቃጠለው?
አምፖሉን ፈታሁት፤ ክሩ አልተበጠሰም።
ካቻቢቴ አጋጨሁ ባትሪው ላይ፤ ብልጭታ አልነፈገኝም።
ታዲያ ምን ሆነ ይህ ብረት፣ ሁሉም እያለው የሚያጣው?
«ልምራህ» አለኝ ረዳቴ ሙሄ፣
ነጩን ማዳበሪያ ከወንበር ሥር ሲያወጣው።

ጀርባው ላይ አሰረው፤ ገባ ወደ ጉሙ፤
እግር የለው፣ ራስ የለው፤ ነጭ ከረጢት ሆነ አቋሙ።
በአንደኛ ማርሽ፣ በፍሬን ጫፍ፣ እሱ በቢስሚላህ፣ እኔ በማርያም፣
ያንን ነጭ ተከተልኩ፤ ከሱ ሌላ ዓለም አልነበረኝም።
አንዴ ድንገት ቆመ። ልቤም ቆመ አብሮት።
ለካ ጫማው ውስጥ ድንጋይ ገብቶበት።

ኮምቦልቻ ስንደርስ አራት ሰዓት ሆኗል፤
ኬላው ላይ ያለው ፖሊስ «መብራትህስ?» ብሎኛል።
«ሐረጎ ላይ ቀረ» አልኩት። ሳቀና ቀጥቶኛል።

ጦይብ ጋራዥ የለውም፤ ዋርካ ሥር ነው ሥራው፤
ፒንሳ፣ ናስትሮ፣ ደግሞ
ባለ ሁለት ሽቦ አምፖል ናት፣ በሽታን የምታጣራው።
የፊቱን ክዳን ከፈተ። ምንም አልጠየቀኝ።
«ረጅሙን ንካ» አለኝ።
ፍሬቻው ጭል አለ። «ሃ!» ብሎ ቀና አለና አየኝ።
«ማሳው የት ነው?» አለኝ።

ደም ወደ ፊቴ መጣ። ማን ነገረው ይህን?
ያውም በሰው መሀል፣ ያውም ይዞ ፒንሳውን።
«ሰጠነው» አልኩት ቀስ ብዬ። «የኩታበሩን ነው?
አባቴ በኮንትራት፣ የዚህ መኪና ቀብድ ሲጎድለው፤
ሦስት ጥማድ ነበር፣ ከምንጩ ጎን ያለው።
ሃያ ዓመት ተባለ፤ እሱ ቀድሞ አለቀ፤
እናቴ የፈረመችበት ቀለም ከጣቷ አልለቀቀ።»

ጦይብ አፉን ከፈተ፤ ዘጋው፤ ፒንሳውን አስቀመጠ።
የሚስቅ ልጅ ነበረ፤ ጦይብ ሲያየው ሳቁን ዋጠ።
«ወንድሜ፣ እኔ ያልኩት የመብራቱን ማሳ ነው፤
ኔጌቲቩ ከሻንሲው ጋር የሚገናኝበትን ነው።
ኤሌክትሪክ መሄድ ብቻ አይደለም፤ መመለሻ ይፈልጋል፤
መመለሻ ያጣ እንደሆነ ሰው ቤት ይገባል፤
ፍሬቻህ በማያገባው ጭል ጭል ሲል አየህ? በዚህ ይታወቃል።»

ከራዲያተሩ ጎን፣ ዝገት የበላትን አንዲት ቡሎን አሳየኝ፤
ጣቱ ቢነካት ረገፈች፤ «ይኸው» አለና ትቢያዋን መዳፌ ላይ አራገፈልኝ።
ብረቱን በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈገው፣ ነጭ እስኪሆን፤
አዲስ ሽቦ፣ አዲስ ቡሎን፤ አጠበቀና «ሞክር» አለኝ አሁን።

የዋርካው ግንድ በጠራራ ፀሐይ ቢጫ ሆነ። ግራው ትንሽ ይደክማል፤
«መስታወቱ አርጅቶ ነው» አለ፣ «እንደኛው ነው፤ ይሠራል።»
ሁለት መቶ ብር ሰጠሁት፤ መልሱን ቆጥሮ ሰጠኝ፤
«ለማሳ ባላስከፍልህ ደስ ይለኝ ነበር» አለ፤
አላሳቀኝም፤ ቆይቶ ግን አሳቀኝ።

በሳምንቱ ማታ፣ ወደ ኩታበር ባዶ መኪና ይዤ ስወጣ፣
መታጠፊያው ጋ ረጅሙን ለቀቅሁት፣ ከፊቴ ማንም ሳይመጣ።
ከምንጩ ጎን ያለው ስንዴ፣ የሌላ ሰው ስንዴ፣ ከነዛላው ነጣ።
ሙሄን እንቅልፍ ወስዶታል። ሞተሩን አላጠፋሁ፤
ትንሽ ቆሜ አበራሁ።